ድራይቨር ፍለጋ የሄዱት ሾፌር

ጎረቤቴ ጥሩነሽ ደውላ «ኦቦ ኢታና አረፉ» ስትለኝ «ደግ አደረጉ» አልኳት። በዋዜማው እጃጂ ከተማ የዘመድ ሠርግ ውለው ሲመለሱ በራቸው ላይ አግኝቻቸው፣ ፊታቸው ገርጥቶ ስላየሁት «ምነው ትንሽ ቢያርፉ» ብያቸው ነበር። ስለዚህ አረፉ ስባል ምክሬን የሰሙ መሰለኝና «ሰው ካልተቆጣቸው መቼ ይሰማሉ» ብዬ ቀጠልኩ። ከስልኩ ማዶ የሴቶች ለቅሶ ሲሰማኝ ነው ቃሉ ዞሮ የገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የቃል ትርጉም ሳስተምር ኖሬ በገዛ ቋንቋዬ ተሸወድኩ። ከእሳቸው ጋር በተያያዘ ነገር ቃል ሲሸውደኝ ደግሞ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

አሟሟታቸውም ግራ ያጋባል። ኦቦ ኢታና ከአዲስ አበባ ነቀምት አውቶቡስ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። እኛ አምቦ ያለን ጎረቤቶቻቸው ስንፈራላቸው የኖርነው መንገዱን ነበር። ዝናቡን፣ ጭጋጉን፣ የጭነት መኪናውን፣ መንገድ ላይ የሚተኛውን ከብት። እሳቸው ግን ያን ሁሉ አልፈው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ገዛ አልጋቸው ላይ፣ ለቁርስ እየተጠበቁ ሞቱ። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ማንን እንደምወቅስ ጠፋኝ።

መጀመሪያ ያወቅኳቸው በመስታወት ነው። አምቦ ተመድቤ ስመጣ የተሳፈርኩት በእሳቸው አውቶቡስ ነበር። አዲስ ዓለምን እንዳለፍን ዝናብ ወረደ፤ መንገዱም አልታይ አለ። እኔ ከፊቴ ያለውን ወንበር በሁለት እጄ ጨብጬ ማርያም ማርያም እላለሁ። ከላይ ባለው መስታወት ሁለት ረጋ ያሉ ዓይኖች አዩኝና «ልጄ፣ ሾፌሩ እያለ ምን ያስፈራል?» አሉኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወንበሩን ለቀቅኩት። ኋላ የተከራየሁት ቤት አጥር ከእሳቸው አጥር ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ።

አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ለማንም የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። አዲስ ነገር ሲገጥማቸው አንድ ጊዜ ሳይዞሩት አይቀመጡም፤ አውቶቡሱን ጠዋት ከማስነሳታቸው በፊት እንደሚያደርጉት። የገዙትን ሶፋ ዞረውታል፣ የጎረቤት ላም ዞረዋል። ልጄን ወልጄ ስመጣ እንኳ ሊጠይቁኝ ገብተው አልጋዬን ዞሩና «ደህና ናት፣ ትነሳለች» አሉ። ሰው መኪና ውስጥ ሲያሳፍራቸው ከፊት ካልሆነ አይቀመጡም፤ ቁልቁለት ላይ ቀኝ እግራቸው ባዶውን ወለል ይረግጣል። «ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ሳሾፍባቸው «እያገዝኩት» ይሉኛል።

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ዘማሪ ናቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው የሚዘምሩትን ብዙውን መዝሙር ራሳቸው ናቸው የደረሱት፣ በኦሮምኛ፣ ልብስ እያጠቡ። እኔ ማርያም የምሄድ ሰው ነኝ፤ ግን አጥሩን ተሻግሮ ብዙ ጊዜ ስለመጣብኝ እኔም ልብስ ሳጥብ የማንጎራጉረው የእሳቸውን መዝሙር ሆኗል። ድምፃቸው ቀጭን ሆኖ የማይሰበር ነበር። ባልና ሚስቱ የሚጠራሩት በልጃቸው ስም ነው፤ እሳቸው «ሃዳ ሌንሴ»፣ የሌንሴ እናት፣ ይላሉ፤ አዴ ጫልቱም «አባ ሌንሴ» ይላሉ። ሌንሴ ነቀምት ነርስ ናት።

አዴ ጫልቱ አንገታቸው ላይ የቆየ እንቅርት ነበረባቸው። እያደር አደገና ትንፋሽ ከለከላቸው። አዲስ አበባ ያያቸው ሐኪም መውጣት እንዳለበት ነገራቸው፤ ሲወጣ ደግሞ ድምፃቸው ሊለወጥ፣ ጨርሶም ላይመለስ እንደሚችል አልደበቃቸውም። አዴ ጫልቱ «የሰጠው እሱ ነው፣ ከፈለገው ይውሰደው» አሉ። ያልቻሉት ኦቦ ኢታና ናቸው። አጥሩ ላይ ተደግፈው «ቲቸር፣ እኔ ግማሽ ዕድሜዬን ነቀምት አድሬያለሁ። ስትዘምር የሰማት ጎረቤት ነው፤ አንቺ ከእኔ በላይ ሰምተሻታል። ጡረታ የወጣሁት ልሰማት ነው። አሁን ደግሞ ሊወስዱት ነው» አሉኝ።

ድምፃቸው ሳይሄድ ይቀረፅ አሉ። በስልክ ይበቃል ብዬ ራሴ ቀረፅኩላቸው። ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሙና መለሱልኝ። «ይሄ እሷ አይደለችም። ይሄ ነቀምት ሆኜ የምሰማት ናት። እኔ የምፈልገው ቤት ስገባ ያለችውን ነው።» ከዚያ መርካቶ ሄደው አንድ ትልቅ ማይክና ከመዳፍ ትንሽ የሚሰፋ ጥቁር ሳጥን ገዝተው መጡ። ሳውንድ ካርድ ይሉታል። ማይኩ በሳጥኑ ይሰካል፣ ሳጥኑ በኮምፒውተር ይሰካል፣ ድምፁ ስቱዲዮ እንደገባ ሆኖ ይወጣል ብሏቸዋል ሻጩ። ከመሰካቱ በኋላ ያለውን አልነገራቸውም።

መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ተጠራሁ። እንግሊዝኛ የምታስተምር ሰው ይሄን ካላወቀች ማን ያውቃል ነው ነገሩ። እኔ በኮምፒውተር የማውቀው የተማሪ ውጤት መሙላት ነው፣ እሱም እያስቀየመኝ። ኮምፒውተሩ የሌንሴ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪው ሞቷል፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ኦቦ ኢታና ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞሩ፣ ጎንበስ ብለው ገመዶቹን ከታች አዩ፣ ከዚያ «አስነሺው» አሉኝ። ሰካሁት። አንድ ጽሑፍ መጣ። እኔም ሳላስብ «ድራይቨር አልተገኘም ይላል» አልኩ።

«ማን ነው የሚለው?»

«ኮምፒውተሩ።»

ኦቦ ኢታና ቀና ብለው ተቀመጡ። «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?»

ሳቄን ዋጥኩ፤ ቅር ብሏቸዋል። ድራይቨር ሲል ሾፌር ማለቱ አይደለም፣ ሳጥኑንና ኮምፒውተሩን የሚያግባባ ነገር ነው፣ አይታይም፣ ከኢንተርኔት ይወርዳል እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ለራሴ በደንብ ስላልገባኝ ባብራራሁ ቁጥር እየጠፋብኝ ሄደ። እሳቸው በትዕግሥት ሰምተው ጨረሱና «ረዳት በይዋ» አሉ። «ሾፌሩንና ተሳፋሪውን የሚያግባባ ረዳት ነው። ታዲያ ስሙን ለምን ያበላሹታል?»

በዚያ ሰሞን በእኛ በኩል ኢንተርኔት ጠፍቶ ነበር፤ መቼ እንደሚመለስም የሚያውቅ የለም። የሆስፒታሉ ቀጠሮ ደግሞ ደርሷል። ኦቦ ኢታና ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልለው፣ ሳጥኑን በፌስታል አንጠልጥለው በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈሩ። ዕድሜ ልኩን ሲነዳ የኖረ ሰው ድራይቨር ፍለጋ አዲስ አበባ ሄደ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አዴ ጫልቱ አጥር ላይ ጠበቁኝ። «ቲቸር፣ ማሎ፣ ትርፍ ብርድ ልብስ አለሽ? እንግዳ አለብን።»

«የምን እንግዳ?»

«ሾፌሩ ነዋ። አባ ሌንሴ ደውሎ ድራይቨሩን አግኝቼዋለሁ፣ ይዤው እየመጣሁ ነው አለኝ። ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ ሰው በባዶ ሆዱ ይደር?» ዶሮ ታርዷል፤ የሌንሴ አልጋ ተነጥፏል።

እንግዲህ ድራይቨር ምን እንደሆነ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ግን ዶሮው ሲሸት፣ አልጋው ተነጥፎ ሳየው፣ ተጠራጠርኩ። ምናልባት ባለሙያ አግኝተው ይሆናል፤ ምናልባት ሰውየው ራሱ ድራይቨር ይባል ይሆናል። ምን ላድርግ፣ ብርድ ልብሱን አመጣሁ።

ኦቦ ኢታና ፀሐይ ሳትጠልቅ ብቻቸውን ገቡ። አዴ ጫልቱ በሩን ይዘው ከኋላቸው አሻግረው አዩ።

«የታለ ሰውየው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ሾፌሩ።»

ኦቦ ኢታና ግራ ገብቷቸው አንዴ ሚስታቸውን፣ አንዴ እኔንና የያዝኩትን ብርድ ልብስ፣ አንዴ ዶሮውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ከተው አንዲት ፍላሽ አወጡና ከዶሮ ወጡ አጠገብ አስቀመጧት። የኮምፒውተር አገልግሎት ቤቱ ድራይቨሩን ላፕቶፑ ላይ ከጫነላቸው በኋላ ምናልባት ቢጠፋ ብለው በፍላሽም አስገልብጠውታል። አዴ ጫልቱ አንገታቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁ፤ ሲስቁ ያማቸው ነበር። «በል አባ ሌንሴ፣ አጉርሰዋ፣ መንገድ አድክሞታል» አሉ። ያን ቀን የድራይቨሩን ድርሻ እኔ በላሁ።

ሳጥኑ አሁን መብራት አበራ። መመሪያው ደግሞ እንዲህ ያለው ማይክ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚፈልግና ለእሱ ሳጥኑ ላይ የሚጫን ቁልፍ እንዳለ ይናገራል። ቁልፉ ፋንተም ይባላል። «ፋንተም ምንድን ነው?» አሉኝ አዴ ጫልቱ። መዝገበ ቃላት የምታውቀው አስተማሪ አፏን ከፈተች። «ያው… የማይታይ መንፈስ እንደማለት። ጣረሞት የሚባለው ዓይነት።»

አዴ ጫልቱ የያዙትን ማይክ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ስዘምር የማውቀው መንፈስ አንድ ነው። እሱ ደግሞ በቁልፍ አይበራም» አሉ።

ቃል ብቻ ነው፣ ኤሌክትሪክ ነው ብዬ ብከራከር አልሆነም። ኦቦ ኢታና እኔን አዩኝ፣ እኔም ወረቀቱን አየሁ። ቁልፉ ሳይጫን ቀረ። ግን ስንናገር ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር ትዘላለች። «እየሰማ ነው እኮ» አልን። ከሰማ ምን ጎደለ ብለን ተደሰትን።

የተቀረፀው እሑድ ከሰዓት ነው፤ በነጋታው ጎህ ሲቀድ ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ፍራሽ መስኮት ላይ አቆምን፣ ጋቢ በሩ ላይ ሰቀልን። ማይኩ ከአዴ ጫልቱ አፍ ፊት ቆመ። ኦቦ ኢታና ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አስደግፈው፣ ሁለት እጃቸውን ግራና ቀኝ አድርገው መሪ የያዙ መስለው ተቀመጡ። አንድ መዝሙር ሲያልቅ የትኛውን ተጭነው እንደሚያስቀምጡ አሳይቻቸዋለሁ። እኔ ወደ ውጪ ተላክሁ፤ ሥራዬ ባጃጅ ማስቆም ነበር። ሾፌሮቹን ሁሉ «እባክህ በታች በኩል ዙር» እያልኩ በር ላይ ቆምኩ። አንዱ «ምን ተፈጥሮ ነው?» ሲለኝ «አዴ ጫልቱ እየዘመሩ ነው» አልኩት። ሞተሩን አጥፍቶ ቁጭ አለ።

የመጨረሻው መዝሙር እንዳለቀ መብራት ሄደ። ኦቦ ኢታና ወጥተው «አስቀምጫታለሁ» አሉኝ። መብራቱ እንደሄደ አደረ። ይያዝ አይያዝ፣ ይሰማ አይሰማ ሳያውቁ ሚስታቸውን ይዘው ሄዱ።

አዴ ጫልቱ ከሆስፒታል ሲመለሱ የነበራቸው ሹክሹክታ ብቻ ነው። እሳቸው ጓዳ ተኝተው ሳለ ኦቦ ኢታና በጓሮ በር ጠሩኝና ላፕቶፑን እኔ ቤት ከፈትነው። ተሰማ። የአዴ ጫልቱ ድምፅ ከጉደር ወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ሩቅ ነበር። ቅርብ ሆኖ የተሰማው ሌላ ነው፤ የወንበር ሲጥሲጥታ፣ የወንድ ትንፋሽ፣ ከመዝሙር ወደ መዝሙር መሃል ደግሞ ዝግ ያለ የኦቦ ኢታና ድምፅ። አዴ ጫልቱ እየፈሩ፣ አንድ ቦታ ላይም እያለቀሱ ነበር ለካ። «ሂን ሶዳቲን» ይላሉ፣ አትፍሪ። «አኒ አሱማ ጅራ» ይላሉ፣ እኔ እዚሁ ነኝ። ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ባጃጅ ሳስቆም ይሄን አልሰማሁም ነበር።

ኦቦ ኢታና ተነሥተው ላፕቶፑን አንድ ጊዜ ዞሩት። ከዚያ «ቲቸር፣ እኔን አውጪኝ» አሉ።

«ከየት?»

«ከዚህ ውስጥ። እሷ ትቅር፣ እኔን አውጪኝ። ሸፈንኳት።»

ሞከርኩ። የነካሁት ቁልፍ ሁሉ ሁለቱንም አብሮ ያጠፋል፤ ሁለቱንም አብሮ ይመልሳል። አላውቅበትም አልኳቸው። እያለቀሱ እንደሆነ ያወቅኩት አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ነው፤ ሲያለቅሱ አይቻቸው ስለማላውቅ ወዴት እንደማይ ጨነቀኝ።

ኋላ የድምፅ ሥራ የሚያውቅ አንድ ሰው ጠየቅኩ። ቁልፉ ስላልተጫነ ማይኩ ምንም አልሰማም፤ ኮምፒውተሩ የሰማው በገዛ ጆሮው፣ ከራሱ ጋር በተሠራችው ትንሽ ማይክ ነው፤ እሷን ደግሞ ኦቦ ኢታና ጭናቸው ላይ ታቅፈዋት ነበር። ይህን ለኦቦ ኢታና ነገርኳቸው። ወዲያው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እሷ እንዳትሰማ። በእኔ እምቢታ ነው ብላ እስክትሞት ታዝናለች።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ተበላሽቷል በያት። ጥፋቱ የሾፌሩ ነው በያት። መኪና ሲገለበጥ መቼም መንገዱን አይከሱም።»

እንዳሉኝ ነገርኳቸው። አዴ ጫልቱ ባላቸውን ለወራት አሾፉባቸው፤ «ዕድሜ ልኩን ነድቶ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ገለበጠ» ይሉ ነበር። ኦቦ ኢታና አቀርቅረው ይስቃሉ። የአዴ ጫልቱ ድምፅ እያደር ተመለሰ፤ ግን ያ ቀጭኑ አይደለም፣ ወፈር ብሎ ከደረት የሚወጣ ሌላ ነው። መዘምራኑም ቦታቸውን ወደ ወፍራም ድምፆቹ አዛወሯቸው። ኦቦ ኢታና አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዳምጡና «የሰው ሚስት አገባሁ መሰለኝ» ይሉኛል። ይቀልዱ ይሁን ይዘኑ ለይቼ አላውቅም።

የኦቦ ኢታና ለቅሶ ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ሌንሴ ወደ ነቀምት ልትመለስ ዕቃ ስታሰባስብ አሮጌ ላፕቶፗን ከቁም ሳጥን አገኘች፣ ውስጡንም ከፍታ አየች። ወዲያው አስጠሩኝ። ስገባ አዴ ጫልቱ ጥቁር ለብሰው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ መዳፋቸው ላፕቶፑ ላይ ነው። «ተበላሽቷል አላላችሁኝም?» ይሉኛል ብዬ ምክንያት ስፈልግ ነበር የገባሁት። አላሉኝም። ለሌንሴ በእጃቸው ምልክት ሰጧት፤ ከፈተችው።

ያ ቀጭኑ ድምፅ ከማዶ መጣ። እኔ ስሰማው ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አዴ ጫልቱ ግን እጃቸውን አወዛወዙ። «እለፊው፣ እለፊው» አሉ። ሌንሴ አሳለፈችው። መዝሙሩ አለቀ፣ ወንበር ሲጥ አለ፣ አንድ ሰው ተነፈሰ።

«ሂን ሶዳቲን፣ ሃዳ ሌንሴ። አኒ አሱማ ጅራ።»

አዴ ጫልቱ ጆሯቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠጉ። ቀጣዩ መዝሙር ሲጀምር ደግሞ ፊታቸው ተኮሳተረ፤ አንድ ሰው ወሬ ያቋረጠባቸው ይመስል።

«ቲቸር» አሉኝ በአዲሱ ወፍራም ድምፃቸው፣ «አንቺ ይሄን ታውቂያለሽ። እኔን ማውጣት ይቻላል? እሱ ይቅር፣ እኔን አውጪኝ።»

ለባላቸው የመለስኩትን ለእሳቸውም መለስኩላቸው። አላውቅበትም አልኳቸው።